ካምፓስ ሲዘጋ ኬሚስትሪን ከርቀት ማስተማር፦ ለሰሜን ሸዋ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ዝርዝር መመሪያ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሻንጣቸውን እየሸከፉ ወደየቤተሰባቸው ተሸኙ። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ዶርም ይጋሩ የነበሩ ልጆች አንዱ መሐል ሜዳ፣ አንዱ ሸዋ ሮቢት፣ ሌላው ዓለም ከተማ፣ የቀሩት ደግሞ ከክልሉ ውጪ ተበተኑ። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ አሠራሩ አሁን፣ መብራቱም ኔትወርኩም ላቦራቶሪውም በእጃችን ሳለ፣ ተሰናድቶ መቀመጥ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ኮርሱን ኔትወርክ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለሚያገኝ ተማሪ አዘጋጁት። ለእሱ የሚበቃ ትምህርት ከተማ ላለው ተማሪም ይበቃል። ለከተማው ተማሪ የተሰናዳው ግን ጀማ ሸለቆ ውስጥ ላለው አይደርሰውም።

1. መጀመሪያ ማን የት እንዳለ እወቁ

ምንም ነገር ከመቅዳታችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። የክፍል ተጠሪዎቹ የሁሉንም ቁጥር ይይዛሉ፤ ሥራውን ለእነሱ አካፍሉና እያንዳንዱን ተማሪ እነዚህን ይጠይቁላችሁ፦ ያለህበት ወረዳና ቀበሌ የት ነው? ስልክህ ኢንተርኔት ይከፍታል ወይስ ቁልፍ ስልክ ነው? ቤት ውስጥ መብራት አለ ወይስ ስልክ ቻርጅ የሚደረገው ከተማ ተወጥቶ ነው? የገበያ ቀናችሁ መቼ ነው? በእግር የምትደርስበት ሌላ የክፍል ጓደኛ አለ? በቀን ውስጥ ለማንበብ የሚተርፍህ ሰዓት የትኛው ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ይገልጣል። ቤት የገባ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ እርሻ አለ፣ ከብት አለ፣ ውኃ መቅዳት አለ። ሴት ተማሪዎች ላይ ደግሞ የቤቱ ሥራ በእጥፍ ይወድቃል። ቀን 4 ሰዓት ላይ የቀጥታ ሌክቸር የጠራ መምህር እነዚህን ልጆች ገና ሳይጀምር አጥቷቸዋል።

መልሱን ደብተር ላይ በሦስት ክፈሉት፦ ኔትወርክ በየቀኑ ያላቸው፣ ከተማ በወጡ ቀን ብቻ የሚያገኙ፣ ከድምፅ ጥሪና ከአጭር መልእክት በቀር ምንም የሌላቸው። ሁለተኛው ቡድን የኮርሱ መለኪያ ይሁን። ለሦስተኛው ቡድን ወረቀት መታተም አለበት፤ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም ከተማ በሚወጣ ጎረቤት በኩል ይደርሳል። አጭር መልእክት ስትልኩ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄ ብቻ ነው፤ በላቲን ፊደል ሲሆን 160 ይይዛል። ስለዚህ ቀጠሮና ቁጥር ብቻ ላኩበት፤ ማብራሪያ አይሆንም።

2. ኮርሱን ቁረጡት

ሙሉውን የኮርስ ዝርዝር (ሲላበስ) እንዳለ ከርቀት ላስተምር ማለት ሁሉንም በግማሽ መተው ነው። ርዕሶቹን ዘርዝሩና በእያንዳንዱ ላይ ወስኑ፦ ለቀጣዩ ኮርስ መሠረት የሆነ፣ ሊቆይ የሚችል፣ ያለ ላብ (ላቦራቶሪ) ትርጉም የሌለው። በጄኔራል ኬሚስትሪ የሞል ስሌት፣ ስቶኪዮሜትሪ፣ የሶሉሽን ኮንሰንትሬሽን፣ የአሲድና ቤዝ ሚዛን ይቀመጡ። ታሪካዊ መግቢያዎችና ረጃጅም የምደባ ሰንጠረዦች ለንባብ ይተላለፉ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት አንድ ሐሳብ ብቻ መድቡ። ውሳኔውን ዲፓርትመንቱ በቃለ ጉባኤ ይያዘው፤ አለዚያ ተማሪው ሲመለስ ቀጣዩን ኮርስ የሚይዘው መምህር ምን እንደተማሩና ምን እንደቀረ አያውቅም።

3. የሳምንቱን ጥቅል አሰናዱ

አንድ የሳምንት ጥቅል ከ10 ሜጋባይት አይብለጥ። ለማነጻጸር ያህል፣ የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ስብሰባ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል፤ 10 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ግን ከ2 እስከ 3 ሜጋባይት ገደማ ነው። ተማሪው ካርድ የሚሞላው ቤተሰቡ እህል ሸጦ ነው፤ የቀጥታ ቪዲዮ ሌክቸር ላይ ያለኝ ተቃውሞም ከዚህ የተነሣ ነው።

በጥቅሉ ውስጥ የሚገቡት፦

- አራት ገጽ የማይሞላ ፒዲኤፍ። በእጅ ጽፋችሁ በስልክ ካሜራ ብታነሱትም ይሆናል፤ ጽሑፉ ግን ይጉላ፣ ብርሃኑ ከጎን ይሁን።
- እያንዳንዳቸው ከ7 ደቂቃ የማይበልጡ ሁለት ወይም ሦስት የድምፅ ቅጂዎች።
- መንገዱ የተሠራ፣ ቦታ ቦታው ላይ ግን ተማሪው እንዲሞላው ባዶ የተተወ አንድ ምሳሌ።
- አምስት ጥያቄ። መልሱ ከሚቀጥለው ሳምንት ጥቅል ጋር ይላክ።

ድምፁ ወረቀቱን ካልተከተለ ጥቅም የለውም። እያንዳንዱን ሥዕልና እኩልታ ቁጥር ስጡት፤ ስትቀዱም «ገጽ 2፣ ሥዕል 3ን ያዙ፤ ከላይ ወደታች የሚሄደውን ቀስት በጣታችሁ ተከተሉ» በሉ። ሰሌዳ ላይ በእጃችን የምናሳየውን ሁሉ አሁን አፋችን መሸከም አለበት። ጽሑፉ ፈተናው በሚሰጥበት በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ድምፁ በአማርኛ ቢሆን ብዙዎችን ይረዳል፤ ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ ከኦሮሚያ፣ ከሶማሌ ወይም ከሌላ ክልል የመጡ ልጆች ስላሉ በእንግሊዝኛም አጭር ቅጂ ጨምሩ።

መላኪያው ቴሌግራም ቢሆን ጥሩ ነው፤ ተማሪው ለምዶታል። መማሪያውን መምህሩ ብቻ በሚለጥፍበት ቻናል ላይ አኑሩት፣ ጥያቄና ጨዋታው በሌላ ግሩፕ ይሁን። አንድ ላይ ከተደባለቁ በሳምንት አንዴ የሚገባ ተማሪ ከመቶ ሰላምታ ሥር ሃንድአውት ሲፈልግ ዳታው ያልቃል። ፋይሎቹን «ሳምንት 03 - ክፍል 1» እያላችሁ ሰይሙ። ጥቅሉ ሁልጊዜ በአንድ ቀን፣ አብዛኛው ወረዳ ገበያ ከሚውልበት ቀን ዋዜማ ማታ ይለጠፍ። ዩኒቨርሲቲው ሙድል የተባለው የኦንላይን መማሪያ ሥርዓት ካለው እንደ መዝገብ ቤት ተጠቀሙበት፤ የስልክ መተግበሪያው ፋይሎችን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ያስነብባል።

ሲሙሌሽን የሚያስፈልግ ከሆነ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው ፌት (PhET) ነፃ ነው። የፒኤች መለኪያ፣ የአሲድና ቤዝ ሶሉሽን፣ የሞለኪውል ቅርጽ፣ እኩልታ ማመጣጠን አሉት። አዲሶቹ አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት በብሮውዘር ይከፈታሉ፤ ፋይሉን በብሉቱዝ ወይም በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ማሻገር ይቻላል።

4. ሞለኪውልን በጭቃ

የሞለኪውል ቅርጽ በስልክ ስክሪን ላይ ጠፍጣፋ ነው፤ ተማሪውም ጠፍጣፋ አድርጎ ይሸመድደዋል። ጭቃ ወይም ሊጥ አንከባሎ በስንጥር እያያያዘ ራሱ ይሥራው። ሚቴንን ሠርቶ በቦንዶቹ መካከል ያለው አንግል ከ90 ዲግሪ ሰፍቶ 109.5 ለምን እንደሚሆን በእጁ ያየዋል። ከዚያ አሞኒያን 107፣ ውኃን 104.5 እያለ ያነጻጽራል፤ ቦንድ ያልሠሩት የኤሌክትሮን ጥንዶች ቦታ የሚይዙ መሆናቸውም ይገባዋል። ለኦርጋኒክ ተማሪዎች ካይራሊቲን ለማሳየት አራት ስንጥር ጫፍ ላይ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ስንዴ ይሰኩ፤ ሁለተኛውን የመጀመሪያው የመስታወት ምስል አድርገው ይሥሩና አንዱን በሌላው ላይ ለመግጠም ይሞክሩ። እንደማይገጥም በዓይናቸው ካዩ በኋላ ትርጓሜውን መሸምደድ አያሻቸውም። ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ፤ ማርክ ይያዝበት።

5. ላቦራቶሪው፦ ምን ይሻገራል፣ ምን ይቀራል

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ላብ የሚያስተምረው አራት ነገር ነው፦ የእጅ ጥበብ፣ አይቶ መመዝገብ፣ ከቁጥር ውጤት ማውጣትና ስሕተቱን መመዘን፣ ደኅንነት። ከርቀት የማይሻገረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ቡሬት (ፈሳሽ በጠብታ እየለካ የሚያወርድ ባለ መስመር ቱቦ) መያዝን በቪዲዮ ተምሮ የቻለ ሰው የለም፤ እሱን ለመመለሻው ጊዜ አቆዩት። ሦስቱን ግን በደንብ ማስተማር ይቻላል።

*እውነተኛ ዳታ ከተዘጋው ላብ።* ፈቃድ አውጥታችሁ ከላብ ቴክኒሽያኑ ጋር አንድ ቀን ግቡ። ታይትሬሽኑን (የአንዱን ሶሉሽን ጥንካሬ በሌላው መለካቱን) እሱ ይሥራ፣ እናንተ ቅረጹ፤ ግን ቪዲዮውን ለመላክ አትቸኩሉ። ዋናው ነገር ፎቶው ነው። ቡሬቱን በመነሻና በመድረሻ ላይ፣ በዓይን ልክ፣ ከጀርባው ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ አንሱ። ንባቡን አትንገሩ፤ ተማሪው ሜኒስከሱን (የፈሳሹን ጎድጓዳ ገጽ) አይቶ እስከ ሁለተኛው ዴሲማል ይገምት። ብዙ ዙር ሥሩና ለየተማሪው የተለያየ የፎቶ ጥምረት ስጡ፤ እያንዳንዱ የራሱ ዳታ ይኖረዋል፣ መኮራረጅም በራሱ ይቀንሳል። ከዙሮቹ አንዱን ሆን ብላችሁ አበላሹት፦ የቡሬቱ ጫፍ ላይ የአየር አረፋ ይቅር፣ ወይም አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለየው አመልካች ፌኖልፍታሊን ከፈዛዛ ሮዝ አልፎ ይድመቅ። «የትኛውን ዙር ትጥላላችሁ? ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከስሌቱ በላይ ያስተምራል።

*የማድቤቱ አመልካች።* እርድ በሁሉም ቤት ባይኖርም በየገበያው አለ። ቀለም የሚሰጠው ኩርኩሚን በአሲድና በገለልተኛ ሶሉሽን ውስጥ ቢጫ ነው፤ ፒኤች ከ8 አለፍ ሲል ወደ ቀይ ይዞራል። በውኃ እምብዛም አይሟሟም፤ በአልኮል ግን ይሟሟል። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ አረቄ ብርቅ አይደለምና አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ሲኒ አረቄ ይበጥበጥ፣ ይጥለል፣ ነጭ ወረቀት ይነከርበትና ጥላ ላይ ይድረቅ። ይህ ሁሉ ከእሳት ርቆ ነው የሚሠራው። ከዚያ ሎሚ፣ አቼቶ፣ የሳሙና ውኃ፣ ቢካርቦኔት፣ የአመድ ውኃ በየተራ ይንጠብበት። ከአመዱ ወደ ውኃው የሚሟሟው በአብዛኛው ፖታሲየም ካርቦኔት ነው፤ ወረቀቱን ያቀላዋል፣ ዓይን ግን ስለሚጎዳ ይጠንቀቁ። ቢካርቦኔቱ መሐል ላይ ይወድቃል፣ ቀለሙን እንዴት እንደሚገልጹት እዩ። በመጨረሻ የቀላው ወረቀት ላይ ሎሚ ይጨምሩና ለምን ወደ ቢጫ እንደተመለሰ በእኩልታ ይጻፉ። በአያቶቻቸው ቤት አመድ ለምን ለልብስ ማጠቢያ እንደዋለም ጠይቀው ይመልሱ።

*ተራራውና ቆላው።* የተማሪው መበተን ራሱ የሙከራ መሣሪያ ይሆናል፤ ካምፓስ ውስጥ ይህን ሙከራ መሥራት አንችልም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ከጣርማ በር ቁልቁለት በታች 1,280 ገደማ ላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ግፊትንና የመፍላት ሙቀትን በሚያያይዘው በክላውሲየስ–ክላፔይሮን እኩልታ ብታሰሉት ውኃ ደብረ ብርሃን ላይ በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በ96 ገደማ ይፈላል። ቴርሞሜትር የለም፣ ምስር ግን አለ። ቤተሰቡ ወጥ በሚሠራበት ቀን፣ ለዚህ ተብሎ ማገዶ ሳይባክን፣ ያልተዘፈዘፈ አንድ ሲኒ ድፍን ምስር በፈላ አራት ሲኒ ውኃ ውስጥ ይጨመር፤ ማሰሮው ክፍት ይሁን፤ በሁለት ጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ያለው ደቂቃ ይመዝገብ። ቁጥሮቹን ሰብስባችሁ ከየከተማው ከፍታ ጋር ለሁሉም መልሱላቸው። የጊዜውን ሎጋሪዝም ከሙቀቱ ግልባጭ ጋር አሥለው ግምታዊ የአክቲቬሽን ኢነርጂ ያውጡ። ነጥቦቹ ይበተናሉ፤ የምስሩ ዕድሜ፣ የውኃው ጨውነት፣ የማሰሮው ውፍረት ይለያያልና። የስሕተት ትንተና ክፍል የሚጻፈው ታዲያ ከዚህ ነው፤ ከመጽሐፍ የተገለበጠ «የሰው ስሕተት» የሚል አንድ መስመር አትቀበሉ።

*የተከለከለው።* በመጀመሪያው ሳምንት ጥቅል የፊት ገጽ ላይ በጉልህ ይጻፍ፦ በረኪና ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አይገናኝም፤ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከአሞኒያ ጋርም አይገናኝም። የመኪና ባትሪ አሲድ አይነካም። በተዘጋ ክፍል ከሰል አይቀጣጠልም። በወረርሽኝ ጊዜ ሰው ስለሚፈራ ያገኘውን ማጽጃ ሁሉ መደባለቅ ይቀናዋል፤ ተማሪው ይህን ለእናቱና ለጎረቤቱ እንዲነግር አሳይመንት ስጡት።

6. ወረርሽኙን ራሱን አስተምሩት

ተማሪው ልቡ በሌላ ነገር ተይዟል፤ በዚያው ነገር ግቡ። ለዳይሉሽን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፦ 5 በመቶ የሆነ በረኪና አለ፤ ለወለልና ለበር እጀታ 0.1 በመቶ፣ ደምና የሰውነት ፈሳሽ ለነካው 0.5 በመቶ ያስፈልጋል። ለአምስት ሊትር ባልዲ ምን ያህል ይቀዳል? ለመጀመሪያው 100፣ ለሁለተኛው 500 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ቀጥሎ በሞላር ያስሉት፦ 5 በመቶው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በሊትር 50 ግራም ቢሆን 0.67 ሞላር ገደማ ነው። ቀጥሎም ብርሃንና ሙቀት ስለሚያፈርሰው ለምን በየቀኑ አዲስ እንደሚበጠበጥ ጠይቁ፤ ካይኔቲክስ (የሪአክሽን ፍጥነት ጥናት) ገባ ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የእጅ ሳኒታይዘር ቀመርም ሙሉ ትምህርት ነው። ለ10 ሊትር 96 በመቶ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417፣ 98 በመቶ ግሊሰሮል 145፣ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ። ተማሪው የመጨረሻውን መቶኛ ያውጣ፤ ኢታኖሉ 80፣ ፐርኦክሳይዱ 0.125 ይሆናል። የእያንዳንዱን ሥራ ያስረዳ፦ ፐርኦክሳይዱ ጠርሙሱ ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉ የባክቴሪያ ስፖሮችን ለመግደል ነው እንጂ ለእጅ አይደለም፤ ግሊሰሮሉ ቆዳ እንዳይደርቅ ነው። ውኃ የሌለበት አልኮል ለምን ከዚህ ይደክማል? ፕሮቲን ለመፍረስ ውኃ ስለሚያስፈልገው። ይህ በወረቀት ብቻ የሚሠራ ነው፤ ቤት ውስጥ ብዙ ኢታኖል ማከማቸት እሳት መጥራት ነውና ይከልከል።

7. የቀጥታ ጊዜ ትንሽ ይሁን

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ በድምፅ ብቻ፣ 40 ደቂቃ። ሌክቸር አይሰጥበትም፤ ጥያቄ ይመለስበታል፤ ተቀድቶም ይለጠፋል። ለሦስተኛው ቡድን እናንተ ደውሉ። መምህራኑ ተማሪዎቹን ከተከፋፈላችሁ በየሳምንቱ ለእያንዳንዱ አጭር ጥሪ ይደርሳል። መጀመሪያ «ቤተሰብ እንዴት ነው?» በሉ፤ ቤቱ ውስጥ የታመመ ካለ ስለ ሞል አታንሱ።

8. ፈተና

በካሜራ መቆጣጠር የሚባለውን እርሱት፤ እዚህ አይሠራም፣ ተገቢም አይደለም። መጽሐፍ ከፍቶ የሚሠራ ፈተና አዘጋጁና ቁጥሮቹን ከመታወቂያ ቁጥር ጋር እሰሩ። ለምሳሌ የቤዙ ይዘት «20 ሚሊ ሊትር ሲደመር የመታወቂያህ መጨረሻ ሁለት አኃዝ ለአሥር ተካፍሎ» ይሁን፤ መጨረሻው 47 የሆነ ተማሪ በ24.7 ይሠራል። የእናንተ ማረሚያ ስፕሬድሺት ላይ በአንድ ቀመር ይወጣል። መልሱ በእጅ ተጽፎ በፎቶ ይላክ፤ ጊዜው አንድ የገበያ ሳምንት ይሁን፤ ዘግይቶ የደረሰ ተቀባይነት ይኑረው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ የስልክ ቃለ መጠይቅ አድርጉ፦ «ሦስተኛው መስመር ላይ ለምን በሁለት አካፈልክ?» ሥራው የራሱ የሆነ ተማሪ ወዲያው ይመልሳል። ትልቁን ማርክ በአንድ ፈተና ላይ አትከምሩት።

9. ሲመለሱ

ተማሪው ከመድረሱ በፊት ላቡ ይፈተሽ። ወራት የቆየ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሶሉሽን ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ በፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት እንደገና ስታንዳርዳይዝ ይደረግ (ትክክለኛ ጥንካሬው ይለካ)። የደረቁ የማጠቢያ ቱቦዎች ውኃ ይፍሰስባቸው፤ አለዚያ የፍሳሹ ሽታ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ከሁሉ በላይ ተከፍተው የቆዩ የዳይኢቲል ኢተርና የቴትራሃይድሮፊውራን ጠርሙሶች ይታዩ፤ ከአየር ጋር ሲቆዩ የሚፈነዳ ፐርኦክሳይድ ይሠራሉ። ክዳኑ ወይም ግርጌው ላይ ክሪስታል ከታየ ማንም አይክፈተው፣ አያንቀሳቅሰው፤ ክፍሉ ተዘግቶ ለደኅንነት ኃላፊው ይነገር።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ለላብ ብቻ መድቡ፦ ሚዛን፣ ፒፔት፣ ቡሬት፣ ዲስቲሌሽን። ጠዋት አንድ ቡድን፣ ከሰዓት ሌላ፤ በየጠረጴዛው ጥቂት ሰው፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ማስክ ተደርጎ። መጀመሪያ የሚገባው ቡድን ወረቀት ብቻ ሲደርሰው የነበረው ይሁን፤ ለእሱ ተጨማሪ ቱቶሪያል የሚያዝበት ጊዜ የሚተርፈው ያኔ ነው። ስለ ርዕሶቹ የሚጠይቅ፣ ማርክ የሌለው አጭር ፈተናም በመጀመሪያው ቀን ስጡና ውጤቱን ከዲፓርትመንቱ ቃለ ጉባኤ ጋር አያይዙት፤ ቀጣዩ መምህር የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው።